ጁገልን ለእኛም አስጎብኙን

ይድረስ፦ በሐረር የቱሪዝሙን ሥራ ለምትመሩ፣ በጁገል መተላለፊያዎች እንግዳ ይዛችሁ ለምትዞሩ አስጎብኚዎች፣ እንዲሁም የቤታችሁን በር ለማታውቁት ሰው ለምትከፍቱ የጁገል ቤተሰቦች

ሰላም ጤና ይስጥልኝ።

ሰላምታውን አላበዛም፤ ሐረር ላይ ሰላምታ ከተጀመረ እስከ ምሳ ሊሄድ ይችላል። ቀጥታ ልንገራችሁ። በጁገል፣ በግንብ በተከበበችው አሮጌዋ ሐረር፣ ውስጥ በእግር የሚደረገው ጉብኝት በፈረንጅ ልክ የተሰፋ ነው። እኛ የአገር ልጆች ስንለብሰው አይሆነንም። ቋንቋው ለእነሱ፣ ታሪኩ ለእነሱ፣ ዋጋው ለእነሱ። እኛ ስንመጣ ከዚያው ላይ ተቀንሶ የተረፈው ይነገረናል። ይህ ነገር ይስተካከል ብዬ ነው የምጽፍላችሁ፤ ብዙ ገንዘብም የሚጠይቅ አይመስለኝም።

ነገሩ እንዴት እንደሚሄድ ታውቁታላችሁ። ሰው ከአዲስ አበባ ተነስቶ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ይመጣል፣ ወይም በአውሮፕላን ድሬዳዋ ይወርድና የደንገጎን ዳገት በሚኒባስ ይወጣል። ሆቴል ይይዛል። በማግስቱ ጠዋት ፈረስ መጋላ አደባባይ ላይ ይቆማል። ከዚያስ? ጉብኝቱ ከየት ይጀመራል? ማን ነው የሚያስጎበኘው? ስንት ያስከፍላል? ይህን የሚመልስ አንድ ሰሌዳ እኔ አላየሁም። ታዲያ አንዱ ወጣት ከቡና ቤት ብድግ ብሎ ይመጣና «ጉብኝት ነው?» ይላል። ፈቃድ ይኑረው አይኑረው አይታወቅም። «ስንት ነው?» ሲሉት «አቦ እሱ ቀላል ነው፣ መጨረሻ ላይ እንስማማለን» ይላል። መጨረሻ ላይ ስምምነት የለም። ያ ደስ ብሎት የዋለ ሰው በሒሳብ ተኮራርፎ ይለያል፤ አስጎብኚውም «የአዲስ አበባ ሰው ቋጣሪ ነው» እያለ ይሄዳል። ሁለቱም እውነት አላቸው፤ ቀድሞ የነገራቸው ሰው ስለሌለ።

በቅርቡ እናቴንና የእህቴን ልጆች ይዤ መጥቼ ነበር። ያስጎበኘን ልጅ ጨዋ ነው፣ እግሩም ምላሱም ፈጣን። እሱን ለመክሰስ አይደለም የምጽፈው። ግን ገና ሳንጀምር ምን ቢለን ጥሩ ነው? «እናንተማ ሐበሾች ናችሁ፣ ብዙውን ታውቁታላችሁ፣ ዋና ዋናውን ላሳያችሁ።» ከየት አባታችን ነው የምናውቀው? እናቴ ስለ ሐረር የምታውቀው ቡናውን፣ ቢራውንና ጅቡን ነው። እኔ ከትምህርት ቤት የቀረልኝ የጥቂት ሰዎች ስምና የጨለንቆ ጦርነት ነው፣ እሱም በሁለት አንቀጽ። ልጆቹ ደግሞ ምንም። ከእኛ ፊት ፊት የጀርመን ጥንዶችን በእንግሊዝኛ ሲመራ የነበረው ሌላ አስጎብኚ በየማዕዘኑ ቆሞ ረጅም ረጅም ማብራሪያ ይሰጥ ነበር። የእኛው ልጅ «ይሄ መስጊድ ነው፣ ይሄ ገበያ ነው» እያለ አለፈ። መስጊድና ገበያ መሆኑንማ እናቴም አይታዋለች።

«ዋና ዋናው» የሚባለውን መንገድ ሐረርን አንዴ የረገጠ ሁሉ ያውቀዋል። ከፈረስ መጋላ ይነሳል፣ «መኪና ግርግር» በሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ አድርጎ ወደ ጊዲር መጋላ ገበያ ይወርዳል፣ የራምቦ ቤት ይገባል፣ ከዚያ የራስ ተፈሪ ቤት፣ ከዚያ አንድ የሐረሪ ባህላዊ ቤት፣ እዚያው የስፌት ሥራ ግዙ መባል፣ ማታ ጅብ። መንገዱ መጥፎ አይደለም። ግን ለማን ተብሎ እንደተቀየሰ ያስታውቃል።

የራምቦን ቤት እንውሰድ። አርተር ራምቦ ፈረንሳዊ ገጣሚ ነበር። ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ግጥሙን እርግፍ አድርጎ ትቶ ዓለምን ሲዞር ቆየና በ1873 ዓ.ም. የአንድ ነጋዴ ድርጅት ተቀጣሪ ሆኖ ሐረር ገባ። እየሄደ እየተመለሰ እስከ 1883 ድረስ ቡናም ቆዳም ጠመንጃም ነገደ። እግሩን ክፉኛ ታሞ በቃሬዛ ወጣ፤ ጥቂት ወራት ቆይቶ ማርሴይ ላይ ሞተ። ለፈረንሳዊ ይህ ትልቅ ነገር ነው፣ የትምህርት ቤት ገጣሚው የጠፋበትን አገር ለማየት ባሕር ተሻግሮ ይመጣል። ይምጣ፣ እሰየው። የእህቴ ልጅ ግን «ለሐረር ምን ሠራ?» ብላ ጠየቀች። አስጎብኚው ሳቀ። እኔም ሳቅኩ።

ደግሞም ያ ቤት ሰውዬው ከሄደ በኋላ በህንዳዊ ነጋዴ የተሠራ መሆኑን እናንተ ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ። እንዲያውም ለእኛ የሚጣፍጠው ታሪክ ያ ነው! ህንዳዊ ነጋዴ እዚህ ምን ያደርግ ነበር? ያን ባለቀለም መስታወት፣ ያን ጣሪያው ላይ የተሳለውን ሥዕል ለማን ብሎ አሠራው? ይህን ብትጀምሩልን ሙሉ ታሪኩ ይከተላል። ከሐረር ተነስቶ ወደ ዘይላ ወደብ የሚወርደው የግመል ቅፍለት፣ ከዘይላ ማዶ ኤደን፣ ከኤደን ማዶ ቦምቤይ፤ ቡናውና ቆዳው ሲወጣ ጨርቁና ቅመሙ ሲገባ፤ አርመኑ፣ ግሪኩ፣ ህንዱ፣ ዐረቡ በአንድ ገበያ ሲከራከር። ከዚያ ባቡሩ መጣ። የሐረርን ተራራ መውጣት ስላልተመቸው በ1895 ዓ.ም. ከታች በረሃው ላይ ቆመ፣ እዚያ ድሬዳዋ የምትባል ከተማ በቀለች፣ ንግዱም ቀስ በቀስ ከግንቡ ወጥቶ ወደዚያ ወረደ። ግማሹ አዲስ አበቤ ድሬ ዘመድ አለው፤ ድሬ ለምን እንደተፈጠረች ግን ሐረር ላይ ቆሞ የነገረው የለም። ቤቱ አለ፣ ውስጡም የድሮ ሐረር ፎቶዎች ተሰቅለዋል፣ መነሻው እጃችሁ ላይ ነው።

አሁን ከበድ ወዳለው ልምጣ። ለፈረንጅ የሚነገር፣ ለእኛ ሲሆን የሚዘለል ታሪክ አለ። ለምን እንደሚዘለልም ይገባኛል። አስጎብኚው ፊታችንን ያያል፣ የእናቴን የአንገት መስቀል ያያል፣ አነጋገራችንን ይሰማል፣ ከዚያ «እነዚህን ላስቀይማቸው» ብሎ አይነሳም። እንጀራው ነው። ነገር ግን እንዲህ ስታደርጉ ግማሹ ጁገል ይቀርብናል።

ለምሳሌ ግንቡን። «ኤሚር ኑር አሠሩት፣ አምስት በር አለው» ተባልን፣ አለቀ። ኤሚር ኑር ማን ናቸው? የኢማም አህመድ (ግራኝ) የእህት ልጅ ናቸው፤ ኢማሙ በ1535 ዓ.ም. ጦር ሜዳ ላይ ከሞቱ በኋላ ሚስታቸውን ባቲ ድል ወንበራን ያገቡት እሳቸው ናቸው፤ በ1551 ደግሞ ዐፄ ገላውዴዎስን በጦርነት የገደለው የእሳቸው ጦር ነው። ከዚያ በኋላ ድሉም አልበረከተም። የኦሮሞ ጦር ገፋ፣ ረሀብና ወረርሽኝ መጣ፣ ከተማዋም በግንቧ ውስጥ ተሰበሰበች። ይህን ታሪክ እኛ ከሌላኛው ወገን ነው የሰማነው፤ በገዳማትና በዜና መዋዕል በኩል። ያንኑ ታሪክ ከግንቡ ውስጥ ሆኖ ሲነገር መስማት ለአንድ የሸዋ ወይ የጎንደር ሰው የጉብኝቱ ትልቁ ነገር ሊሆን ይችላል። አንቀየምም። ከተቀየምንም ምሳ እስኪደርስ ይወጣልናል።

ፈረስ መጋላ ላይ ያለችው መድኃኔዓለምም እንዲሁ ናት። እናቴ ደጃፏ ላይ ተሳለመችና «መቼ ነው የታነጸችው?» ብላ ጠየቀች። «ድሮ ነው» አላት ልጁ። ድሮማ ሁሉም ድሮ ነው። ዓመቱ ይነገር፣ ምክንያቱም ይነገር። ግብጾች በ1868 ዓ.ም. ሐረርን ይዘው እስከ 1877 ገዙ፣ እነሱ ሲወጡ ኤሚር አብዱላሂ ነገሡ፣ በጥር 1879 ምኒልክ ጨለንቆ ላይ ድል አድርገው ገቡ፣ ራስ መኮንን ተሾሙ፣ ቤተክርስቲያኗም ግብጾች ያሠሩት መስጊድ በነበረበት ቦታ ላይ ታነጸች። ይህን በአንድ አደባባይ ላይ ቆሞ፣ ጣት እየጠቆሙ መናገር ይቻላል። እናቴ ይህን ሰምታ ምን እንደምትል እርግጠኛ አይደለሁም፤ ዝም ትል ይሆናል፣ ትከራከር ይሆናል። ግን የሰባ ዓመት ሴት ናት፤ ከእሷ የሚደበቅ ነገር የለም። ጀርመኖቹ የሰሙትን እሷ ለምን አትሰማም?

ይህ ሲባል አስጎብኚው ፖለቲከኛ ይሁን ማለቴ አይደለም። እንደውም በተቃራኒው አንዳንዴ ሌላ ዓይነት አስጎብኚ ያጋጥማል፤ በየመንገዱ የራሱን ቁጭት የሚያወራርድብን። እሱም አይበጅም። የሚያስፈልገው ሁሉም አስጎብኚ የሚስማማበት፣ ዓመተ ምህረቱ የተረጋገጠ አንድ ጽሑፍ ነው። ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ በቅርብ ርቀት ላይ ነው፤ አብዱላሂ ሸሪፍ በራስ ተፈሪ ቤት ያሰባሰቡት የእጅ ጽሑፍና ሳንቲም አለ። ሐረር የራሷን ሳንቲም ትቀርጽ እንደነበር ያወቅኩት እዚያ ነው፤ ያውም ራሴ መስታወቱ ላይ ተደፍቼ አንብቤ። ቁጭ ብሎ ማሰናዳት ብቻ ነው የቀረው። ተረቱና አፈ ታሪኩም ይግባበት፣ ሼህ አባድርና አብረዋቸው የመጡት አውሊያዎችም (የከተማዋ ቅዱሳን) ይግቡበት፤ ብቻ የቱ አፈ ታሪክ፣ የቱ የተመዘገበ እንደሆነ ተለይቶ ይነገር። ያንን መለየት ለጎብኚ ክብር ነው።

ስለ አውሊያዎች ካነሳሁ አይቀር፣ ዩኔስኮ በሐምሌ 1998 ጁገልን ሲመዘግብ 82 መስጊዶችንና 102 አዋች (የአውሊያዎች መካነ መቃብርና መዘከሪያ ቦታዎች) ቆጥሮ ነው፣ በ48 ሄክታር ውስጥ። እስቲ አስቡት። ይህን ያህል ነገር በአንድ ሰው ግቢ በሚመስል ቦታ ታጭቆ፣ የሁላችንም ጉብኝት በእነዚያው አራት ቤቶች መካከል ይመላለሳል። ከኤረር በር እስከ ሰንጋ በር ያለው ሰፈር፣ ከቡዳ በር ግድም ያለው፣ ጎብኚ አይረግጠውም። እኔ ብቻዬን ስዞር ደርሼበታለሁ፤ ነጭና አረንጓዴ የተቀባ ግድግዳ፣ የበር ላይ ወሬ፣ ከየት እንደሚመጣ የማይታወቅ የተቆላ ቡና ሽታ። ምንም «መስህብ» የሚባል ነገር የለውም፣ ከሁሉም ደስ ያለኝ እሱ ነው። የግንቡ ዙሪያ ሦስት ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ ነው። አምስቱን በሮች፣ ፈላናን፣ ኤረርን፣ ሰንጋን፣ ቡዳንና ሸዋን፣ ከዚያ ለመኪና ተብሎ የተከፈተውን ስድስተኛውን ጨምሮ በአንድ ጠዋት በእግር መዞር ይቻላል። የበሮች ጉዞ ብላችሁ ብትጀምሩት ማንም ይመጣል፤ ቤት ስለማይገባበትም የማንንም ሰላም አይነሳም። ሰሞኑን በኮሪደር ልማቱ መንገዱ ሲታደስ ደግሞ ይበልጥ ይመቻል።

ቤቶቹን በሚመለከት የምለው ለነዋሪዎቹ ነው፣ ስለ እነሱም ነው። የሐረሪ ቤት ውስጡ ሲገቡበት ሌላ ዓለም ነው። በቀይ አፈር የተቀቡት፣ ነደባ የሚባሉት አምስት የመቀመጫ መደቦች፣ ማን የት እንደሚቀመጥ የሚወስነው ሥርዓት፣ ከሁሉም በላይ ያለችው የአባወራው አሚር ነደባ፣ በግድግዳው ውስጥ የተቦረቦሩት መደርደሪያዎች፣ የተሰቀሉት ስፌቶች፣ ሙሽሮች የሚቆዩባት ጠባብ ክፍል። ቀዩ ቀለም የጨለንቆን ደም ለማስታወስ ነው የሚሉም አሉ። ግን ያ ቤት የሰው ቤት ነው። እኛ ስንገባ የቤቱ እመቤት ቁርስ ላይ ነበሩ። ተነስተው ቦታ ሰጥተው አስቀመጡን፣ ሻይ አቀረቡ፣ አስጎብኚው ሲያብራራ ጥግ ይዘው ቆሙ። ስለ ገዛ ቤታቸው አንዲት ቃል አልተጠየቁም። ስንወጣ ምን ያህል መስጠት እንዳለብን አናውቅም፤ አስጎብኚው ዓይኑን ወደ ስፌቶቹ ይጥላል፣ እሳቸውም አፍረው ወደ መሬት ያያሉ። እናቴ አንድ ትንሽ ሌማት ገዛች፤ ወደደችው ወይስ ይሉኝታ ይዟት እንደሆነ እስካሁን አልነገረችኝም።

ይህን ማስተካከል ቀላል ነው። የቤት መግቢያው ዋጋ ተቆርጦ ይለጠፍ፣ ገንዘቡም በቀጥታ ለቤቱ ይድረስ፣ በአስጎብኚው ኪስ በኩል አይዙር። ፈቃደኛ የሆኑ ቤቶች በተራ ይቀበሉ፤ አንዱ ቤት ዘወትር ከሚጨናነቅ ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ ይሁን፣ የእረፍት ቀንም ይኑራቸው። ማብራሪያውን ደግሞ እመቤቲቱ ይስጡ። በሐረሪኛ ይናገሩ፣ አስጎብኚው ያስተርጉም። ስፌት የሚሰፉትም እሳቸው፣ ነደባውን የሚቀቡትም እሳቸው፤ ከእሳቸው በላይ ማን ሊነግረን?

እኛም እንግዶቹ ጥፋት አለብን፤ ይህን ሳልናገር ካለፍኩ እናንተው ትታዘቡኛላችሁ። ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ የሚመጣው የማኅበርና የመሥሪያ ቤት ጉዞ ስልሳ ሰው ይዞ በአንድ ጊዜ ይገባል። መሪው ድምፅ ማጉያ ይዟል። መተላለፊያው ሁለት ሰው ትከሻ ለትከሻ የማያሳልፍ ነው፤ አስጎብኚዎች የእርቅ መንገድ የሚሏት እንኳ ተኮራርፎ ማለፍ የማይቻልባት ናት። እዚያ ላይ ስልሳ ሰው ቆሞ ሰልፊ ሲነሳ ጭነት የያዘች አህያ መድረሻ ታጣለች፣ ከትምህርት ቤት የሚመለሱ ልጆች በእግራችን ሥር ይሾልካሉ፣ አንዲት አሮጊት በራቸውን ከፍተው «ምን መጣ?» ይላሉ። ከ12 ሰው በላይ የሆነ ቡድን ይከፈል፤ ድምፅ ማጉያ ከግንቡ ውጭ ይቅር። ሳያስፈቅዱ ሴቶችን ፎቶ ማንሳትም እንዲሁ። ይህን እኛ አንሰማም ብላችሁ አትስጉ። ላሊበላ ስንሄድ ጫማ አውልቁ ስንባል እናወልቃለን፤ እዚህም የሚለን ሰው ካለ እንሰማለን።

ሰዓቱን እንዴት እንደምለው እንጃ። እንግዲህ እውነቱን እንነጋገር፦ ከምሳ በኋላ ሐረር በርጫ፣ ማለትም ጫት ላይ ናት። ሱቁ ግማሹ ይዘጋል፣ አስጎብኚውም ስልኩን አያነሳም፣ ቢያነሳም «አሁን መጣሁ» ይልና አይመጣም። አልፈርድም፤ ከተማው የሚኖርበት ሥርዓት ነው። ጎብኚው ግን ይህን አያውቅምና በስምንት ሰዓት ፀሐይ ፈረስ መጋላ ቆሞ ይጠበሳል። ስለዚህ ሰዓቱ ከከተማው ጋር ይሂድ። ጠዋት ከሁለት ሰዓት ተኩል እስከ አምስት ተኩል አንድ ጉዞ፣ ከአሥር ሰዓት በኋላ ሌላ ጉዞ። ዓርብ የጁምዓ ሰዓት ላይ ጉዞ የለም። በረመዳን ሌላ ፕሮግራም። መሃል ላይ ጎብኚው ሄዶ ይተኛ፣ ወይም ሆጃ ይጠጣ፣ ወይም እሱም በርጫውን ይቀላቀል፣ የራሱ ጉዳይ።

ጅቡን ብዙ አላወራም፣ ጅቡ አስተዋዋቂ አያስፈልገውም። አንድ ነገር ብቻ። በእጅና በአፍ ሥጋ ማብላቱ የቅርብ ጊዜ ነገር ነው፤ የቆየው ግን በግንቡ ሥር ያሉት የጅብ ቀዳዳዎችና በአሹራ ዕለት ለጅብ ገንፎ የማቅረብ ልማድ ነው። ቀን ላይ የቀዳዳውን ቦታ አሳይታችሁ፣ ጅብ ሌሊት ገብቶ ቆሻሻውን እየጠረገ ከሰው ጋር እንዴት እንደኖረ ነግራችሁ ብትወስዱን፣ ማታ የምናየው ነገር ትርጉም ይኖረዋል። አለበለዚያ ፎቶ ተነስቶ መሄድ ብቻ ነው።

እንግዲህ ዋናውን ጥያቄ ላስቀምጥ። አውሮፓ የሚኖሩ ዘመዶቻችን ይህን ያውቁታል፤ በብዙ ከተሞች በየቀኑ በተወሰነ ሰዓት፣ በተወሰነ አደባባይ፣ ጃንጥላ የያዘ አስጎብኚ ይቆማል። ማንም መጥቶ ይቀላቀላል። ብቻውን የመጣ ሰው ከሌላው ጋር ተደምሮ ይዞራል፣ ዋጋውም ለሁሉም ስለሚካፈል አይከብድም። ጁገል ለዚህ የተሠራች ናት። ሸዋ በር ላይ በየጠዋቱ አንድ አስጎብኚ በአማርኛ ይቁም። አንድ በአፋን ኦሮሞ። ከጅግጅጋ ለሚመጣው በሶማልኛ። ሐረሪኛ ተናጋሪ ሆነው ውጭ አገር ለተወለዱ፣ ከካናዳና ከአሜሪካ የአያታቸውን ቤት ሊያዩ ለሚመጡ ልጆች፣ በሐረሪኛ ቢኖር ደግሞ ምን ያህል ደስ ባላቸው። የሐረር ሰው አራት ቋንቋ የሚናገረው ጠዋት ገበያ ሄዶ አትክልት እስኪገዛ ነው፤ ጉብኝቱ ላይ ሲደርስ ብቻ እንግሊዝኛ ብቻ ይሆናል።

ለአስጎብኚዎቹ ይህ ኪሳራ አይደለም። ከኮሮና ጀምሮ፣ ከዚያም ጦርነቱ ተከትሎ የፈረንጁ እግር እንዴት እንደጠፋ ከእናንተ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ስንቱ አስጎብኚ ባጃጅ መንዳት ገባ። ያኔ ሆቴሎቹን ያልዘጋቸው፣ ሠርግም ስብሰባም ጉብኝትም ብሎ የመጣው የአገር ውስጥ ሰው ነው። አንድ ፈረንጅ የሚከፍለውን እኛ አንከፍልም፣ እውነት ነው። እኛ ግን ብዙ ነን፣ ዓመቱን ሙሉ እንመጣለን፣ ደስ ካለን ደግሞ አክስቶቻችንን ይዘን እንመለሳለን። ዋጋውን ብቻ ቀድማችሁ ንገሩን። ለአንድ ሰው ይህን ያህል፣ ለተማሪ ይህን ያህል፣ ለቡድን ይህን ያህል። ከዚያ በላይ ጉርሻ የሰጠ እሰየው፣ ያልሰጠም ተመርቆ ይሂድ። ፈቃድ ያለው አስጎብኚ ስሙና ፎቶው ያለበት ባጅ አንገቱ ላይ ይታይ፤ ፈቃድ የሌላቸውን ልጆች ደግሞ ከማባረር አሠልጥኗቸው፤ ግማሾቹ ከባለ ፈቃዶቹ የተሻለ ሰፈሩን ያውቁታል፣ እዚያው ነው ያደጉት።

የሐረሪዎቹ በዓል ሹዋሊድ በ2016 በዩኔስኮ ከተመዘገበ ወዲህ በዓሉን ለማየት የሚመጣው ሰው በርክቷል። ከረመዳን ቀጥሎ የሚጾመው የስድስት ቀን ጾም ተፈትቶ፣ ዚክሩና ከበሮው ሌሊቱን ሲያስተጋባ፣ ልጃገረዶቹ አጊጠው ሲወጡ፣ እንግዳው ከበሩ ላይ ቆሞ ምን እያየ እንደሆነ አያውቅም። ማን ነው የሚዘምረው? ግጥሙ ምን ይላል? መግባት ይቻላል አይቻልም? ለሁለት ሌሊት ብቻ እንኳን አማርኛና ኦሮምኛ የሚያስረዱ ሃያ ወጣቶች በየአዋቹ ደጅ ብታቆሙ ሙከራው በዚያ ይጀመራል። የሠራውን አይታችሁ ታሰፉታላችሁ፣ ያልሠራውን ትጥሉታላችሁ።

ስለዚህ ከመጪው ሹዋሊድ በፊት የምንጠይቀው ይህን ነው፦ ሸዋ በርና ፈረስ መጋላ ላይ ሰዓቱን፣ ዋጋውንና ቋንቋውን የሚያሳይ ሰሌዳ፤ የጋራው ጽሑፍ በማን እንደሚዘጋጅና መቼ እንደሚያልቅ፤ የቤት መግቢያው ገንዘብ ለቤቱ የሚደርስበትን መንገድ። አስጎብኚዎችም ሆናችሁ ነዋሪዎች፣ የተሳሳትኩት ወይም የማይሆን ያልኩት ነገር ካለ በዚሁ በግልጽ መልሱልኝ። በተለይ የቤቶቹን ነገር እናንተ እመቤቶቹ ምን እንደምትሉ መስማት እፈልጋለሁ፤ «ጭራሽ አትምጡብን» የምትሉ ካላችሁም ይነገረን፣ ግንቡን ዙረን እንመለሳለን።

አክባሪያችሁ፣
ከአዲስ አበባ የሚመላለስ የጁገል ወዳጅ